ጋሼ፣ እስቲ ይሙቱልኝ

ስለ ዘነበች ከመናገሬ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ልበል፤ ያሸነፈችው ሰው ማን እንደሆነ ካልታወቀ የእሷም ትልቅነት አይታወቅም።

እኔ ደምሴ ዳልቻ ነኝ። አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ መሃል ቆማችሁ «ጋሽ ደምሴ» ብትሉ የማያውቀኝ የለም፤ አላውቀውም ያለ ሰው ካጋጠማችሁ እንግዳ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከስኳር ጆንያ ላይ ነው። ንባብ ያጠናሁት ከመድኃኒት ብልቃጥ ጋር ከሚመጣው ወረቀት ስለሆነ፣ ማንበብ ስችል የሆድ ትል ሕክምናም አብሬ ችያለሁ። አናጢነትን ማንም አላሳየኝም፤ አንድ ወንበር ፈታሁና እንዴት እንደተሠራ አየሁ፣ ከዚያ የተሻለ ሠራሁ። ሲቀላ ውስጥ ካሉት በሮች ግማሾቹ የእጄ ሥራ ናቸው፤ ሲከፈቱ የሚጮኹት የሌሎች ናቸው። ሬዲዮ ጠግኛለሁ፣ ጥርስ ነቅያለሁ፣ ሊፋቱ የቆረጡ ባልና ሚስቶችን አስታርቄያለሁ። የእድራችን ዳኛ ሆኜ ስመረጥ የተወዳደረኝ አልነበረም። ከእኔ በኋላም ዳኛ የሆነ ሰው አለ፤ ስሙ ለጊዜው አይመጣልኝም።

እንግዲህ ይህን ሰው በገዛ ከተማው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በራሱ ፈቃድ ሬሳ ያደረገችው ዘነበች ናት።

ያለፈው ክረምት እንዳለቀ ማረፏን በስልክ ሰማሁ። ዛሬ ሞት የሚነገረው በስልክ ነው። የደወለልኝ ላንቴ የሚኖረው የአክስቷ ልጅ ነበር። «ጋሽ ደምሴ፣ ዘነበች አረፈች» ሲለኝ «እንደገና?» አልኩት። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመልኝ፤ የጃጀሁ መስሎት ይሆናል። አልጃጀሁም። ዘነበች ከዚህ በፊት ሞታ ታውቃለች፤ እኔም ሞቻለሁ። የሚከተለውን ከኔ በቀር በቅጡ የሚያውቅ ስለሌለ ነው የምጽፈው።

ዘነበች ሙዝ ነጋዴ ነበረች። ሙዙን ከላንቴ በጋሪ ታስመጣና ገበያው አፍ ላይ ከአንድ ማንጎ ሥር ትዘረጋለች። አጭር ናት፣ ድምጿም ዝቅ ያለ ነው። ፊቷ ላይ ምንም አይታይም፤ ስትቀልድም መርዶ ስትናገርም አንድ ዓይነት ናት። አንድ ልማድ ነበራት። ሰው ሲቆጣት ወይም ንግግር ሲያበዛባት፣ ምንም ሳትመልስ ከፊቷ አንድ ሙዝ ታነሣና እስከ ግማሹ ልጣ ለተቆጣው ሰው ታቀብለዋለች። የተላጠ ሙዝ የያዘ ሰው መጮህ አይሆንለትም። ካላመናችሁ ሞክሩት። የቀበሌው ሰውም፣ የትራፊክ ፖሊሱም፣ የቤት አከራይዋም ከእሷ ፊት ቆመው ሙዝ በልተዋል። ባሏ «ወይ እኔን ወይ አባትሽን» ያላት ቀንም ልጣ ሰጠችው ይባላል። በልቶ ሲጨርስ ልብሱ ተጠቅልሎ በር ላይ ነበር።

አባቷ አቶ ዋዳ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። በጉብዝናቸው ከደጋው ከኦቾሎ የወረዱ ሸማኔ ናቸው፤ ሽመናውን ያስተዋቸው ድምፃቸው ነው። እድርተኛ ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ፊታቸውንና እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ሳይታጠቡ የሟች ስም ጠርተው አያውቁም። ከዚያ ኮታቸውን ይለብሱና መንገድ ለመንገድ እየነፉ «እድርተኞች ሆይ! አቶ እገሌ አርፏልና በሰባት ሰዓት ለቀብር እንድትወጡ! ቀሪ ይቀጣል!» ይላሉ። በሲቀላ ሰው ሞተ የሚባለው ስሙ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ነበር። ደግሞም የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ቤታቸው ሐዘን የገባ እንደሆነ ጥሩምባውን አፉን ወደ መሬት ደፍተው ያስቀምጡታል፤ ሐዘኑ እስኪወጣ ሌላ ሰው ይነፋል እንጂ እሳቸው አይነኩትም። ከእኔ በፊት የነበረው ዳኛ የሞተ ጊዜም እንደዚሁ ደፉት። «ዳኛ ለእድርተኛው ሁሉ አባት ነው። ሐዘኑ የቤቴ ነው» አሉ።

በሰማንያዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ላይ አቶ ዋዳ መርሳት ጀመሩ። በመጀመሪያ ጫማቸው ዱቄት ውስጥ ተገኘ። ቀጥሎ የዘነበች ስም ጠፋባቸው። አንዳንድ ቀን እህታቸው ትሆናለች፣ አንዳንድ ቀን የእድሩ ጸሐፊ ትሆናለች፤ እሷ ለሁሉም «አቤት» ትላለች። ገላ መታጠብ እምቢ ሲሏት «አባዬ፣ ሰው ሞቷል፣ ልትለፍፍ ነው» ትላቸዋለች፤ ወዲያው እግራቸውን ይዘረጋሉ። የበቆሎ ዱቄት ድብልብሉን፣ ኩርኩፋውን፣ በሽፈራው ቅጠል ሠርታ ስታቀርብላቸው፣ «የሰው ቤት ነው» ብለው አይነኩም፤ ስለዚህ ሳህኑን ይዛ ከበር ውጭ ትወጣና «ቤት ለእንግዳ» ብላ አንኳኩታ ትገባለች። ያን ጊዜ እሳቸው አስተናጋጅ ይሆናሉ፤ «ነይ ግቢ፣ አብረን እንብላ» ይሏታል።

አንድ ቀን «ለምን ልጃቸው መሆንሽን አትነግሪያቸውም?» አልኳት።

«ነግሬው ነበር» አለች። «"ውይ፣ አባትሽ ጠፍቶብሽ ነው?" ብሎ ሲያዝንልኝ ዋለ።»

ይህ ሁሉ የቤት ጣጣ ነበር። የእድር ጣጣ የሆነው ጥሩምባው የተነፋ ዕለት ነው።

«ባለ ሥጋ ቤቱ አቶ ቦጋለ አርፏልና!» ሲሉ አቶ ዋዳን ሰማን። እንደ ዳኛነቴ ድንኳኑን አስወጣሁ። ወንዶች ቋሚውን ተሸከሙ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ደረሱ። ቦጋለ ደጃፍ ላይ ድንኳኑን ስንተክል አንዱን ቋሚ የያዘልኝ ሰው ጉልበቱ ደስ አሰኘኝ። ቀና ብዬ ሳየው ራሱ ቦጋለ ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ማነው የሞተው?» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«አንተ ነህ» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «እኔም እኮ ደጄ ላይ መተከሉ ገርሞኛል። ሚስቴ መስላኝ ሮጬ ገባሁ፤ ደህና ናት። ከዚያ ላግዛችሁ ብዬ መጣሁ።»

ንፍሮው ተቀቅሎ ስለነበር ተበላ፤ ቦጋለም በላ። ከላይኛው ከተማ ከሴቻ የመጣች አክስቱ ግን አቅፏትም ማልቀሷን አልተወችም። «በቃ እኮ፣ አለሁ» ቢላት «ዝም በል፣ ካወጣሁት ልጨርሰው» አለችው።

ጥሩምባውን ወሰድንባቸው። አቶ ዋዳ ከግቢያቸው የፓፓያ ቅጠል ቆረጡና ውስጡ ክፍት በሆነው ዘንጉ ነፉ። ድምፁ ከጥሩምባው ባይበልጥ አያንስም። በዚህ ዓይነት የሠፈሩን አዋላጅ፣ ሁለት አስተማሪዎችንና አንድ ገና ሙሽራ የሆነ ልጅ ቀበሩ። በየመንገዱ ሟቾች ቆመው ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። «አንተስ መቼ ሞትክ?» «ማክሰኞ። አንቺስ?» በእድሩ ስብሰባ የግቢው ፓፓያ ሁሉ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ተከራከርንበት። እኔን ግን አቶ ዋዳ አንድም ቀን አልጠሩኝም። ቅር አለኝ አልልም፤ ማስተዋል ግን አስተውያለሁ።

ሳቁ የቆመው አንዲት ድሃ ባልቴት እውነት የሞተች ቀን ነው። አዲሱ ጥሩምባ ነፊ ዞሮ ለፈፈ፤ ሰው ግን «አቶ ዋዳ ናቸው» እያለ ተኛ። ቀብር ላይ የተገኘነው ከዘመዶቿ ሌላ በጣት የምንቆጠር ነበርን። ሬሳውን የሚሸከም ሰው ጠፍቶ ቄሱ ራሳቸው ትከሻቸውን ሰጡ። ለእድር ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም።

በእሑዱ ስብሰባ ሰው ሁሉ ተቆጥቶ መጣ፤ መቆጣቱም አግባብ ነበር። ውሳኔው አጭር ነው። እስከሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድረስ አቶ ዋዳ ወይ እግራቸው ይታሰርና ከቤት አይወጡ፣ ወይ ቤተሰቡ ከእድር ይውጣ። ከእድር የወጣ ቤት ሰው ሲሞትበት ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከካምባ ደግሞ የዘነበች ወንድም መርክነህ ላከ፤ ነጋዴ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ሰው መሃል መዋረድ ግን አይወድም። ስብሰባው ቀን ገመድ ይዞ እንደሚመጣ፣ አባቱን ካምባ ወስዶ ጓሮ ካለው ክፍል ምሰሶ ላይ እንደሚያስር አስታወቀ። «አንቺ ከሙዝሽና ከአባትሽ አንዱን እንኳ መጠበቅ አልቻልሽም» ብሎ ነው የላከው።

ውሳኔውን የነገርኳት እኔ ነኝ። አንድ እግራቸውን ይዛ እያሸች ታጥብ ነበር፤ አቶ ዋዳ ደግሞ ከወንበር ላይ ሆነው ስለ ቀብር ሰዓት ያዝዟታል።

«ፍየል አይደለም» አለች ቀና ሳትል። «አላስረውም።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አላውቅም። ሙዝ ይበላሉ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእሷ ነው የሰማሁት። አንድ ጠዋት እግራቸውን አጥባ ጨርሳ ሳሙናውን ልታስቀምጥ ዞር ስትል አቶ ዋዳ የፓፓያውን ዘንግ አንሥተው ደጅ ወጡ። ነፉ። «እድርተኞች ሆይ! ልጄ ዘነበች አርፋለችና...» አሉ፤ ሰዓቱን ሳይናገሩ ድምፃቸው ተቆረጠ። ተመልሰው ገቡ፣ ዘንጉን አፉን ወደ መሬት ደፍተው አስቀመጡት፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ዘነበች ሳሙናውን እንደያዘች አጠገባቸው ተቀመጠች። የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው ምን እንደሚል ግራ ቢገባው «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ብሎ አለፈ። አቶ ዋዳ ቀኑን ሙሉ ከምንጣፉ አልተነሡም፤ በማግስቱም፣ በሠልስቱም ደጅ አልወጡም።

ገበያ መጥታ «ጋሼ፣ ደፋው እኮ!» አለችኝ። ደስታዋን እንኳ ያወቅኩት ሙዝ በመላጧ ነው፤ ያን ቀን ለራሷ ላጠች።

ገባኝ። ሐዘንተኛ አይለፍፍም። ሐዘኑ እስካለ ድረስ አቶ ዋዳ ያለ ገመድ ታስረው ይቀመጣሉ፤ ያሰራቸው የራሳቸው ደንብ ነው። እኔም እንደ ዳኛነቴ ጎረቤቶችን አስተባበርኩ፤ በተራ እየመጡ ምንጣፉ ላይ እንዲቀመጡ አደረግኩ። ዘነበች ለዘነበች ለቅሶ ንፍሮ ቀቀለች።

ያላሰብነው ነገር ቢኖር ማለዳው ነበር። የአቶ ዋዳን ትዝታ እንቅልፍ ያጥበዋል። ጠዋት ነቅተው የተደፋውን ዘንግ ሲያዩ «ሐዘን አለ እንዴ? ማነው የሞተው?» ይላሉ። «ዘነበች» ስትላቸው እንደ አዲስ ይሰማሉ። ትናንት ያለቀሱትን አያውቁትም። በየቀኑ ልጃቸው በዚያች ደቂቃ ትሞትባቸዋለች።

ወሩ ሳይጋመስ ወደ ሥራ ቦታዬ መጥታ ጣውላ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አልቻልኩም» አለች። «መሞቱስ ይሁን፣ ልቅሶውን ነው ያልቻልኩት። ውሃ አቀብለዋለሁ፤ "አንቺ ደግ ሴት ነሽ፣ ልጄ ብትኖር ታውቂያት ነበር" ይለኛል። ትናንት ምን እንደምትመስል ነገረኝ። ረጅም ናት አለኝ።»

በማግስቱ ሌላ ስም ሞከረች። «ማነው የሞተው?» ሲሏት «ቦጋለ» አለች። አቶ ዋዳ ደረታቸውን መቱ፤ ለፋሲካ ጉበት እንደሰጣቸው እያነሡ አለቀሱ። አዋላጇን ሞከረች፣ ለእሷም አለቀሱ። ሰው ሁሉ የሚሸሸውን የግብር ሰብሳቢ ሞከረች፤ «ልጆች ነበሩት እኮ» ብለው ምሳ አልበላም አሉ። ለካስ ያ ሁሉ ዘመን የሰው ሞት ሲለፍፉ የኖሩት ለሁሉም እያዘኑ ኖሯል፤ ጥሩምባው ነው የደበቀላቸው።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይሙቱልኝ» አለች።

መጋዝ ይዤ ነበር። «ምን አልሽ?»

«ለአባቴ ብቻ። ለሌላው ሰው ይኖራሉ።»

«እኔ?» አልኩ። «እኔ ደምሴ ዳልቻ? በገዛ ከተማዬ? የእድር ዳኛ ሆኜ፣ የሰው በር ስሠራ የኖርኩ፣ ቆሜ እየሄድኩ፣ ሙት የሚል ስም...»

ንግግሬ ገና መግቢያው ላይ ነበር። እጄን ሳየው መጋዙ የለም፤ የተላጠ ሙዝ ይዣለሁ።

«ሌላውን ሁሉ ሞክሬያለሁ» አለች። «ለሁሉም አለቀሰ። ዛሬ ጠዋት ሳላስፈቅድዎት የእርስዎን ስም ጠራሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሺ፣ ለእኔስ?»

«ትንሽ አሰበና "የቱ ደምሴ? ያ ወሬኛው አናጢ?" አለ። "አዎ፣ ዳኛው" አልኩት። "እህ። እንግዲህ ዳኛ ነው፣ ሐዘኑ የቤቴ ነው" አለና ቁርስ ጠየቀኝ።»

ይህን ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ተርጉሞታል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። የደካማ ሰው ሞት ያስለቅሳል፤ የእኔ ዓይነት ሰው ሞት ግን ሰውን ያበረታዋል። አቶ ዋዳ በእኔ ሞት የበረቱት ለዚህ ነው። እሺ አልኳት፤ ነገር ግን እንደማንም አልሞትም አልኩ።

«በምን ይሙቱ?» አለች።

«በሥራ ላይ። ጣሪያ ስሠራ ወድቄ።»

«ጣሪያ ላይ ወጥተው አያውቁም።»

«ለዚህ እኮ ነው የወደቅኩት» አልኩ።

እንዲህ ሆኖ ሞትኩ። በየማለዳው «ጋሽ ደምሴ ከጣሪያ ወድቀው» ትላቸዋለች፤ አቶ ዋዳ «እንዲያው መውጣት ምን አስፈለገው?» ብለው ቁርሳቸውን ይበላሉ፤ ከዚያ ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጉ አጠገባቸው ተደፍቶ፣ በክብር ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ። ሰው እየገባ ያጽናናቸዋል። እኔን በማያውቁ ሰዎች ሳይቀር ተለቀሰልኝ፤ ከየአገሩ የመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች ንፍሮ መኖሩን ሰምተው በየቀኑ ከትምህርት መልስ ያዝኑልኝ ጀመር። አንዱማ ገበያ ላይ አግኝቶኝ «አባባ፣ እርስዎም ከሟቹ ቤት ነዎት?» አለኝ። «በጣም ቅርብ ነኝ» አልኩት።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። የእድሩ ሰዎች ውሳኔያቸው መፈጸሙን ለማየት ዘነበች ግቢ ተሰበሰቡ። የፀሐይ መከላከያ ይሆናል ብዬ የእድሩን ትንሹን ድንኳን አውጥቼ ነበር፤ አንዱ ማዕዘን ማሰሪያው ተበጥሶ ይወዛወዛል። መርክነህ ከካምባው መኪና ወርዶ አዲስ ገመድ በትከሻው አጣፍቶ ገባ። ድንኳን፣ ለቅሶ፣ ሰው ሞልቶ ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዘነበች! አባቴ...»

«ደህና ነው፣ ያውና» አለችው።

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው?»

«ጋሽ ደምሴ።»

«ምን! መቼ?» ብሎ ዞር ሲል ከእኔ ጋር ተያየን። እጄን ዘርግቼ «እንኳን ደህና መጣህ መርክነህ፣ ልጆች እንዴት ናቸው?» አልኩት። እጄን ጨበጠ። ሰው መሃል ነው፤ ጨዋ ነው ብያችኋለሁ። ቀስ ብሎ «እግዚአብሔር... ያጥናዎት» አለኝ።

በዚህ ጊዜ አቶ ዋዳ አዩት። ልጃቸው መሆኑን አላወቁትም፤ ገመዱን ግን አወቁት።

«አንተ ሰውዬ!» አሉት በዚያ በጥንቱ ድምፃቸው። «አሁን ነው ገመድ የሚመጣው? ሰው ፀሐይ በላው! ያንን ማዕዘን እሰር! ቀሪ እንደሚቀጣ አታውቅም?»

የዘነበች እጅ ወደ ሙዝ ሲሄድ አየሁ፤ ግን ሳታነሣው ቀረች። መርክነህ ገመዱን አየ፣ አባቱን አየ። አቶ ዋዳ በጣታቸው ማዕዘኑን እያሳዩ ይጠብቃሉ። ልጅየው ሄደና ድንኳኑን አሰረ። «ጠበቅ አድርገው!» አሉት። ጠበቅ አደረገው። «ጎበዝ። የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የዋዳ ልጅ ነኝ» አለ መርክነህ።

«ዋዳ ደህና ሰው ነው» አሉ አቶ ዋዳ። «ና ተቀመጥ፣ ንፍሮ ብላ።»

መርክነህ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ለእኔ ያለቀሰ የመሰላቸው እንግዶች ነበሩ፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ስብሰባው እዚያው ተጀመረ። ዘንጉ እንደተደፋ እስካለ ድረስ አቶ ዋዳ አይታሰሩም፣ ቤቱም ከእድር አይወጣም የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ሁልጊዜ ተቃዋሚ የሆነ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሟች ሐሳብ ማቅረብ ይችላል ወይ? ደንቡ ላይ የለም» አለ።

ቦጋለ ከኋላ «እኔ ሞቼ ድንኳን ተክያለሁ፤ እሳቸውም ሞተው ይናገሩ!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። መርክነህም የእኛ እድርተኛ ሳይሆን አወጣ። ወደ ካምባ ሲመለስ ገመዱን አልወሰደም።

አቶ ዋዳ ከዚያ በኋላ ማንጎው አብቦ አፍርቶ፣ እንደገና አብቦ እስኪያፈራ ኖሩ። ዘነበች በየማለዳው ገደለችኝ። ለሙዝ ወደ ላንቴ ስትሄድ እኔ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር፤ አቶ ዋዳ የሟቹ ወንድም እመስላቸዋለሁ። ወባ የያዛት ሰሞንማ ሙሉውን ሥራ ለእኔ ጣለችው። አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ ሰልችቶዎት ይሆናል፤ ሌላ ሟች ልፈልግ?» አለችኝ። «በእኔ ቦታ ማንን ታገኛለሽ?» አልኳት። «ማንንም» አለች። ከእሷ የሰማሁት ምስጋና ይህ ብቻ ነው፤ ይበቃኛል።

አቶ ዋዳ ያረፉት በአልጋቸው ላይ ነው፤ ገና ታጥበው፣ እግራቸው ንጹሕ ሆኖ። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የገመድ ምልክት አልነበረም። ደርሼ ስገባ ዘነበች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተነሣች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «አሁን መነሣት ይችላሉ።»

ከዚያ ወደ ደጅ ወጣችና የፓፓያውን ዛፍ ይዛ እንደ ልጅ ጮኻ አለቀሰች። ያ ሁሉ ጊዜ አልቅሳ አታውቅም። እኔም ሙዝ ፈልጌ እስከ ግማሹ ልጬ ወሰድኩላት፤ አልበላችም፣ ግን ያዘችው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ያከናወንኩትን ልዘርዝርና ላብቃ።

ለአቶ ዋዳ ቤት አዲስ በር ሠርቻለሁ፤ ከውጭ መቀርቀሪያ አድርግ ብለው የለመኑኝን ሁሉ እምቢ ብያለሁ።

የዘነበች ወገብ እንዳይጎብጥ፣ አባቷን የምታጥብበት ከፍ ያለ ወንበር ማንም ሳያሳየኝ አስቤ ሠርቻለሁ። ከሴቻ ሳይቀር እየመጡ አስለክተውታል።

አዲሱ ጥሩምባ ነፊ አቶ ዋዳ ደጃፍ ሲደርስ ጥሩምባውን ትቶ በር እያንኳኳ እንዲናገር አድርጌአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም እድርተኛ ሰው አጥቶ አልተቀበረም።

ዘነበች ወባ በያዛት ጊዜ የሰው እግር አጥቤያለሁ። በደንብ ነው ያጠብኩት።

ከራሴ ለቅሶ ንፍሮ በልቻለሁ፤ ጨው አንሶት ነበር።

ዘነበች ላንቴ ደርሳ እስክትመለስ፣ አቶ ዋዳ አጠገብ ተቀምጬ፣ «ወንድምህ እኮ በሩን ደህና ይሠራ ነበር፤ ግን ራሱን ማመስገን አይታክተውም፣ የሚታክተን እኛ ነበርን» ሲሉኝ ሰምቻለሁ። በሄደች ቁጥር ሰምቻለሁ። እኔ ደምሴ ዳልቻ፣ መልስ አጥቼ የማላውቀው ሰው፣ አንድም ቀን አልመለስኩላቸውም።